ከሀገረ ሕይወት እስከ ማንሃተን

ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ ኩላሊትን ያውቃል። ፈጣሪ የሰውን ልብና ኩላሊት እንደሚመረምር መዝሙሩ ነግሮታልና። ግእዙ ኵልያት የሚለው ይህ ብልት ለጥንቱ ሰው ሥጋ ብቻ አልነበረም። ከልብ ቀጥሎ ስውር ሐሳብ የሚቀመጥበት፣ ከፈጣሪ በቀር ማንም ገብቶ የማያየው ጓዳ ነበር። ነገሩ ለሃይማኖት የተነገረ ይሁን እንጂ ለሕክምናም እውነት ሆኖ ኖሯል። ሐኪሞች ልብን አዳምጠው፣ ምላስን አይተው፣ ሆድን ዳስሰው የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ኩላሊት ግን ለብዙ ሺህ ዓመታት ምስጢሩን ይዞ ተቀመጠ።

ያ ጓዳ በኋላ እንዴት እንደተከፈተ፣ ቁልፉም ምን ያህል ተራ ነገር እንደነበረ ላወጋችሁ እፈልጋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ ነገር የሚስበኝ አንባቢ ነኝ። ወደዚህ ጉዳይ የመራኝም የሕክምና መጽሐፍ ሳይሆን የአንዲት ከተማና የአንድ ሰው ስም ነው። ከተማይቱ አምቦ ናት። ሰውየው ደግሞ የአምቦ ልጅ፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን።

ውሃውና ወገቡ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ አምቦ ይገባል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የከተማይቱ መጠሪያ ሀገረ ሕይወት ነበር። ስሙ ከውሃዋ ጋር ይስማማል። ከምድሯ የሚፈልቀው ፍል ውሃ የደከመ ገላ ያፍታታል። ማዕድናማው ውሃዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ባገር ሁሉ ሲጠጣ ኖሯል። ጥሬ ሥጋ የበላ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ማታ ሲጠጣ ያመሸ ሁሉ "አምቦ ውሃ አምጣልኝ" ይላል።

ይህን ውሃ "ኩላሊት ያጥባል" እያሉ የሚጠጡ ሰዎች በአምቦም፣ በጉደርም፣ በአዲስ አበባም አጋጥመውኛል። ንግግሩ እንዲሁ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። እስቲ ልብ በሉ፤ በእኛ ቋንቋ "ኩላሊቴን አመመኝ" የሚል ሰው እጁን የሚያሳርፈው ወገቡ ላይ ነው። የኩላሊት ሕመም ስንል የሚታየን ውጋት፣ ብርድ፣ ጠጠር፣ የሽንት ማቃጠል ነው። የጥንት ደብተራዎች በመጽሐፈ መድኃኒት ያሰፈሩትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለሽንት ማጥና ሽንት ለከለከለው ሰው የሚሆን ሥሩና ቅጠሉ ተዘርዝሮ ይገኛል። ጠጠር ለሚያስቸግረው ሰው ውሃ በብዛት መጠጣትም መጥፎ ምክር አይደለም።

ችግሩ ያለው ሌላ ዘንድ ነው። ሰውን አንድ ቀን ያለ ማሽን መኖር እስከማይችል የሚያደርሰው የኩላሊት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ወገብ አይወጋም፤ ሽንት አያቃጥልም። ዓመታት ቆይቶ ጠዋት ጠዋት ዐይን ሥር ያብጣል፤ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚት ይሞላል፤ ጫማ ይጠብባል። የቀድሞ ሰው ይህን ሲያይ "ውሃ ቋጠረ" ይል ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ማዕድናማው ውሃ ማጠቢያው አይደለም፤ እንዲያውም በውስጡ ያለው ሶዲየም እብጠቱን ሊያብስበት ይችላል። እንግዲህ በቃልና በበሽታ መካከል ያለው ክፍተት ይህ ነው። ቃሉ የሚያምመውን ኩላሊት ያውቃል፤ የሚገድለው ግን የማያምመው ነው።

የአምቦው ልጅ

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ ቦዳ በሚባል ስፍራ ተወለደ። ገና በአካባቢው ትምህርት ቤት ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች የጻፈው ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1951 ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ለመድረክ በቃ። ከዚያ ወዲህ ያለውን የዚህ መጽሔት አንባቢ ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል። "የእሾህ አክሊል"፣ "እሳት ወይ አበባ"፣ "ሀሁ በስድስት ወር"፣ በአማርኛ የተናገሩት ኦቴሎና ሐምሌት ሁሉ የእርሱ ናቸው። የአፍሪካ ኅብረት መዝሙርም ግጥሙ የተወሰደው ከእርሱ ብዕር ነው።

ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1998 አገሩን ትቶ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በብዕሩ ከአንድም ሁለት ሦስት መንግሥት ጋር የተጋጨ ሰው ነበርና መሰደዱ ቢሰማ ለፖለቲካ የመሰለው ሰው አይጠፋም። እርሱን ያስወጣው ግን ኩላሊቱ ነበር። ሕይወቱን ለማቆየት የደም እጥበት፣ ማለት ዳያሊሲስ፣ ያስፈልገው ነበር፤ ያን ሕክምና ያለማቋረጥ የሚያገኝበት ቦታ ደግሞ በአገሩ አልነበረም። በማንሃተን ማሽን ከደሙ ጋር ተጋምዶ ሰባት ስምንት ዓመት ያህል ኖረ። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. እዚያው ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ አገሩ መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

የሎሬቱ ኩላሊት በምን ምክንያት እንደደከመ መመርመር የእኔ ሥራ አይደለም። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ስሟ ሀገረ ሕይወት ከነበረው ከተማ የወጣ ታላቅ ሰው ሕይወቱን ለማቆየት ውቅያኖስ መሻገር ነበረበት። ለመሆኑ ይህ ሕመም ሰውን እዚያ ሳያደርሰው በፊት የሚናገርበት ቋንቋ የለውም? አለው። ቋንቋውም ሽንት ነው።

አረፋው ምን ይላል?

ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት በግሪክ በሂፖክራተስ ስም በተጻፉት አጫጭር የሕክምና አባባሎች ውስጥ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። በሽንት ላይ አረፋ ቢንሳፈፍ ሕመሙ የኩላሊት እንደሆነ፣ ቶሎም እንደማይለቅ ያስተምራል። አስተውሉ፤ አባባሉ የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን የወደፊቱን ጉዞም ይናገራል። ዛሬ ሐኪሞች በቁጥር የሚያወሩትን ያ ሰው በዐይኑ ብቻ አይቶ ደርሶበት ነበር።

ከእርሱ በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች የሕመምተኛውን ሽንት በብርጭቆ እያስቀዱ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው በማየት ብቻ በሽታ ሁሉ እናውቃለን ይሉ ጀመር። ቀለሙን፣ አተላውን፣ ሽታውን እየቆጠሩ ሰውየውን ሳያዩት ዕድሉን ይተነብዩለት ነበር። ጥበቡ ወደ ጥንቆላ ተጠግቶ መሳቂያ እስከመሆን ደረሰ።

ሽንትን ከጠንቋይ እጅ አውጥቶ ለእውቀት የመለሰው እሳት ነው። በ18ኛው ምእት ዓመት፣ በናፖሊ፣ ዶሜኒኮ ኮቱኞ የተባለ ሐኪም ሰውነቱ ያበጠ የአንድ ወታደር ሽንት ወስዶ በእሳት አሞቀው። ሽንቱ እንደ እንቁላል ነጩ ረጋ። በደም ውስጥ መቅረት የነበረበት ነገር ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው ማለት ነበር። የነገሩን ሙሉ ትርጉም ያገኘው ግን ሪቻርድ ብራይት ነው። በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ይህ ሐኪም ያበጡ ሕመምተኞቹን ሽንት በማንኪያ እያደረገ በሻማ ላይ ያሞቅ ነበር። ሲሞቱም አስከሬናቸውን እየከፈተ ኩላሊታቸውን ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስቱን ነገሮች አገናኛቸው። እብጠቱ፣ የሚረጋው ሽንትና የተበላሸው ኩላሊት የአንድ በሽታ ሦስት ገጽታ እንደሆኑ ገለጸ። በሽታውም ለብዙ ዘመን በእርሱ ስም ሲጠራ ኖረ።

የተሰወረው ጓዳ የተከፈተው እንግዲህ በማንኪያና በሻማ ነው። ሁለቱም በየትኛውም የአምቦ ቤት የሚገኙ ዕቃዎች ናቸው።

ወንፊቱና ቁጥሩ

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ወንፊትን ማሰብ ይበቃል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ፣ በዐይን የማይታዩ ወንፊቶች አሉ። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም እየተጠለለ በእነርሱ ያልፋል። ከዚያ ሁሉ አብዛኛው ወደ ደም ተመልሶ በሽንትነት የሚወጣው አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ወንፊቱ ጤነኛ ሲሆን ፕሮቲን የተባለውን የሰውነት ሀብት አያሳልፍም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያመልጥ ከ150 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ወንፊቱ ሲሳሳ ግን ፕሮቲኑ ይፈሳል፤ ሽንቱም እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ያወጣል። በቀን ከ3.5 ግራም በላይ ሲፈስ ሰውነት ያብጣል። ከዚህ በታች ያለው መፍሰስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ይቀጥላል።

ወንፊቱን የሚያሳሱት ሕመሞች ብዙ ናቸው። ስኳርና የደም ግፊት የታወቁት ናቸው። ከእነርሱ ሌላ በየብቻቸው ሲቆጠሩ ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ሲደመሩ ግን ብዙ ቤት የሚያፈርሱ ብርቅ የኩላሊት በሽታዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱን እ.ኤ.አ. በ1968 በፓሪስ ዣን ቤርዤና ኒኮል ኢንግሌ ገለጹት። ኢግ ኤ የተባለው የሰውነት መከላከያ ንጥረ ነገር በወንፊቱ ላይ እየተጠራቀመ የሚያቆስልበት በሽታ ነው። ይህንን በሽታ ለይቶ ለማወቅ ከኩላሊት በመርፌ ቅንጣት ሥጋ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። የሕመምተኛውን የወደፊት ዕድል ከሚጠቁሙት ነገሮች ዋነኛው ግን ያው የጥንቱ ነገር ነው፤ በሽንት የሚወጣው ፕሮቲን መጠን።

ለብዙ ዘመን ሐኪሞች በቀን ከአንድ ግራም በታች የሚያፈስ የዚህ በሽታ ሕመምተኛ ብዙ አያሰጋውም ይሉ ነበር። በብሪታንያ ብርቅ የኩላሊት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ለረዥም ጊዜ እየተከታተለ የሚመዘግብ አንድ ብሔራዊ መዝገብ አለ። ከዚያ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት ይህን ማጽናኛ አናጋው። ከ2,000 በላይ የሆኑ የኢግ ኤ ሕመምተኞች ታሪክ ሲታይ፣ መጠኑ ከዚያ ዝቅ ብሎ ለአንድ ግራም ክሬአቲኒን ከ0.44 እስከ 0.88 ግራም ፕሮቲን ያፈሱ ከነበሩት መካከል 30 ከመቶ ያህሉ በ10 ዓመት ውስጥ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል። ከዚያም በታች ያፈሱ ከነበሩት 20 ከመቶ ገደማው እንዲሁ ሆነዋል። "ትንሽ ነው" የተባለው ትንሽ አልነበረም።

የምሥራቹ ደግሞ ይህ ነው፤ ቁጥሩ ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ ሊወርድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከኢጣልያ የወጣ ጥናት ለደም ግፊት የሚሰጥ ራሚፕሪል የተባለ ክኒን ስኳር የሌለባቸውንና ብዙ ፕሮቲን የሚያፈሱ ሕመምተኞችን ኩላሊት ከፈጣን ድካም እንደሚያዘገይ አሳየ። በአገራችን መድኃኒት ቤቶች የሚሸጠው ኤናላፕሪል የዚያው ወገን ነው። በእነዚህ ዓመታት ለኢግ ኤ በሽታ ብቻ ተብለው የወጡ መድኃኒቶችም በመጀመሪያ የተፈቀዱት በሽንት የሚፈሰውን ፕሮቲን መቀነሳቸው ታይቶ ነው።

ስለ ዝንቡ ጥቂት ቃል

"ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው" የሚል አንባቢ አይጠፋምና አንድ ነገር ላንሳ። ከአምቦ አልፎ ጌዶን አቋርጦ ወደ ባኮ የሚወርድ ሰው የጊቤ ቆላ አገር ይጠብቀዋል። በጊቤ ሸለቆ ጼጼ የተባለው ዝንብ በሬውን ነክሶ በገንዲ በሽታ ይፈጃል። የዚህ ዝንብ ዘመድ በምዕራብ አፍሪካ ሰውንም በእንቅልፍ በሽታ ሲገድል ኖሯል። በዚያ አገር በሰው ደም ውስጥ ጥገኛ ተሐዋስያኑን የሚገድል አንድ የተለወጠ ዘር፣ ማለት ጂን፣ ከትውልድ ትውልድ በረከተ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጡ ጥናቶች ያ ጂን ውለታውን በብድር እንደሚያስከፍል ገለጹ፤ ከአባትም ከእናትም የወረሰውን ሰው ኩላሊት ለመቁሰል ያጋልጣልና። በአሜሪካ የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ጥቁሮች ላይ የኩላሊት ሕመም ለምን እንደሚበረታ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በመረመራቸው ኢትዮጵያውያን ዘንድ ያ ጂን እንዳልተገኘ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለባቸው ኢትዮጵያውያን ላይም ቫይረሱ በሌሎች ጥቁሮች ላይ የሚያመጣው የኩላሊት በሽታ እንዳልታየ አመለከተ። ለእኛ መልካም ወሬ ነው፤ መኩራሪያ ግን አይሆንም። አንድ በር ተዘጋ ማለት ቤቱ በር የለውም ማለት አይደለም። ስኳሩ፣ ግፊቱ፣ የሕፃንነት ጉሮሮ ቁስል ያስከተለው እብጠት፣ ስማቸው ያልተለመደው ብርቅ በሽታዎች ሁሉ እኛም ዘንድ አሉ።

የመጨረሻው ቀድሞ መጣ

ኩላሊትን የሚተካው ማሽን የተወለደው በጦርነት መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ጀርመኖች በያዟት ሆላንድ፣ በካምፐን ከተማ፣ ቪለም ኮልፍ የተባለ ሐኪም ለቋሊማ መጠቅለያ የሚሆን ስስ ሴሎፋን በእንጨት በርሜል ላይ ጠምጥሞ የሕመምተኛን ደም አጠበበት። መጀመሪያ የሞከረባቸው አብዛኞቹ ሞቱ። በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ዳነች። እ.ኤ.አ. በ1960 በሲያትል ከተማ ቤልዲንግ ስክሪብነር ሕመምተኛውን በየሳምንቱ ደጋግሞ ማጠብ የሚያስችል ቱቦ ሠራ። በዚያን ጊዜ ማሽኑ ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ ስለነበረ ማን ይታጠብ፣ ማን ይሙት የሚለውን የሚወስን ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ እስከማቋቋም ተደርሶ ነበር።

በእኛ አገር ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የኩላሊት እጥበት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ፣ በግሉ ቅዱስ ገብርኤል ሆስፒታል ነው። ጸጋዬ ከሄደ ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ቆይቶ የመንግሥት ሆስፒታሎችም ገቡበት። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከዘመድ ለዘመድ የተሰጠ ኩላሊት ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር ውስጥ ተተከለ። ትልቅ ድል ነው፤ ሐኪሞቻችን ሊመሰገኑበት ይገባል።

ይሁንና ይህን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስመለከተው አንድ ነገር ቅር ይለኛል። እኛ ለኩላሊት ሕመም የነቃነው ከመጨረሻው ነው። የምናውቀው ማሽኑን፣ በየመንገዱ በድምፅ ማጉያ የሚለመንለትን ወጣት፣ ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ለመሄድ ቤት የሸጠውን ቤተሰብ ነው። እጥበት በተለምዶ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ያህል ነው። ማሽኑ በአዲስ አበባ ብቻ በነበረበት ዘመን የጌዶ ወይም የባኮ ሰው ይህን ለማድረግ እርሻውንም፣ ንግዱንም፣ ቤቱንም ጥሎ ከተማ መግባት ግዴታው ነበር።

የታሪኩ መጀመሪያ ግን ማንኪያና ሻማ ነው። ማንኪያውን ከ1950ዎቹ ወዲህ፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ አንዲት ቀጭን ወረቀት ተክታዋለች። በቀለም የተነከረችው ጫፏ ሽንት ሲነካት፣ ፕሮቲን ካለ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ትለወጣለች። የላቦራቶሪ ሠራተኛው ውጤቱን በመደመር ምልክት ይጽፈዋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ይህ ምርመራ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠራ፣ ዋጋውም ከአንድ ቀን እጥበት ጋር የማይወዳደር ነው። ብዙዎቻችን ግን ሽንት ሰጥተን የምንጠብቀው "ኢንፌክሽን አለብህ" ወይም "የለብህም" የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ከጎኑ የተጻፈችውን መደመር አንጠይቅም፤ ማንም ካልጠየቀ ደግሞ ወረቀቱ ከኪስ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ መደመር ታየ ተብሎ መደንገጥም አይገባም። ትኩሳት፣ ከባድ ሥራ፣ ሩጫ ለጊዜው ፕሮቲን ሊያሳዩ ይችላሉ። ቁም ነገሩ ምርመራው ተደግሞ ሲታይም መኖሩ ነው። ያን ጊዜ መጠኑ ይለካል፤ ግፊቱ ይታያል፤ ስኳሩ ይመረመራል፤ ክኒኑ ይጀመራል፤ ጨው ይቀነሳል። በዚያን ዕለት የሚደረገው ነገር ሁሉ በአንድ የወረዳ ከተማ ውስጥ ሊደረግ የሚችል ነው። ዐሥር ዓመት ዘግይቶ የሚደረገው ግን አዲስ አበባን፣ አንዳንዴም ውቅያኖስ መሻገርን ይጠይቃል።

በጸጋዬ ሞት ያጣነውን ግጥም ማንም ሊቆጥረው አይችልም። የእርሱን ያህል ስም የሌላቸው፣ ሕክምና ፍለጋ የሚሄዱበት አገር የሌላቸው፣ በአምቦና በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ "ውሃ ቋጠረ" ተብለው የተቀበሩትንም እንዲሁ። በጊዜው የሽንታቸውን አረፋ አይቶ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ የጠየቀላቸው ሰው አልነበረም። ዛሬ ጥያቄውን መጠየቅ ሐኪም መሆንን አይፈልግም። የላቦራቶሪ ወረቀቱ እጃችን ሲገባ "ፕሮቲኑስ?" ማለት ይበቃል።